«የት ላይ ተቋረጠ?» ብሎ መጠየቅ ይለመድ

ኢንተርኔት ሲቋረጥ በየቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ የሚሰማው ቃል አንድ ነው፤ «ኔትወርክ የለም» ይባላል። ቀጥሎ የሚወሰደውም እርምጃ አንድ ነው፤ ራውተሩን አጥፍቶ ማብራት። ይህ ካልሠራ ከራውተሩ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በመርፌ መውጋት፣ እርሱም ካልሠራ ባለሙያ እስኪመጣ ድረስ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ነው። በዚህ ሁሉ መሐል አንድ ጥያቄ ሳይጠየቅ ያልፋል። እርሱም «የተቋረጠው የት ላይ ነው?» የሚለው ነው።

በዚህ ጽሑፍ ልንሟገትለት የምንፈልገው ሐሳብ ቀላል ነው። ብልሽትን ደረጃ በደረጃ ፈልጎ ማግኘት የጥገና ሠራተኛ ሙያ ብቻ ሳይሆን ራሱ የሳይንስ ዘዴ ነው። በመሆኑም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችንና በዩኒቨርሲቲዎቻችን ቤተ ሙከራዎች ውስጥ በግልጽ ሊሰጥ፣ ሊፈተንም ይገባል። ለዚህ ትምህርት ደግሞ ቋሚ የአይ ፒ አድራሻ የተሰጠውን የቤት ራውተር ያህል ርካሽና ቅርብ መሣሪያ ለማግኘት ያስቸግራል።

ቋሚ አድራሻ ለምን?

በኢንተርኔት መረብ ላይ ያለ ማንኛውም መሣሪያ መልእክት ለመላክና ለመቀበል አድራሻ ያስፈልገዋል። የአብዛኛው ቤት አድራሻ ተለዋዋጭ ነው። ራውተሩ ሲበራ አገልግሎት ሰጪው ድርጅት በእጁ ካለው ክምችት አንዱን አንሥቶ ያውሰዋል፤ ነገ ሌላ ሊሰጠው ይችላል። ቋሚ አድራሻ ግን ለአንድ ደንበኛ ተለይቶ የተመደበና የማይለወጥ ቁጥር ነው።

ልዩነቱን በአገራችን ከምናውቀው ነገር ጋር ብናነጻጽረው ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። የቆሎ ተማሪ ከደብር ወደ ደብር፣ ከመምህር ወደ መምህር ይዘዋወራል፤ ዛሬ ያደረበት ጎጆ የነገ አድራሻው አይደለም። እርሱ ፈላጊ ስለሆነ አድራሻው ቢለዋወጥ የሚጎድልበት ነገር የለም። በደቡብ ጎንደር፣ በጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም ግን የድጓ ምስክር ቤት ናት። ድጓ የተማረ ትምህርቱን ሊያስመሰክር ወደ እርሷ ይጓዛል። ተፈላጊ ስለሆነች ከቦታዋ ልትነቃነቅ አትችልም፤ በየዓመቱ ሥፍራዋን ብትለዋውጥ ኖሮ ምስክርነቷ ባልጸና ነበር። እንግዲህ ፈላጊ ተለዋዋጭ አድራሻ ይበቃዋል፤ ተፈላጊ ግን ቋሚ አድራሻ ያሻዋል። በመረብ ላይም ሕጉ ይኸው ነው። ድረ ገጽ ከፍቶ ለሚያነብ ሰው ቋሚ አድራሻ አያስፈልገውም። በቤቱ ወይም በተቋሙ ባለ ኮምፒዩተር ላይ መጻሕፍትን፣ የድምፅ ቅጂዎችን ወይም የመለኪያ መሣሪያ ውጤቶችን አስቀምጦ ሌሎች ከሩቅ እንዲደርሱባቸው ለሚፈልግ ሰው ግን እጅግ ይጠቅመዋል።

ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። አገራችን የኢንተርኔት አገልግሎት የጀመረችው በ1989 ዓ.ም. ነው። ከዚያን ጊዜ ወዲህ በአብዛኛው የኖርነው ፈላጊ ሆነን ነው፤ ሌሎች ያስቀመጡትን እናወርዳለን፣ ሌሎች የጻፉትን እናነባለን። ከነፋስ መውጫ፣ ከመካነ ኢየሱስ ወይም ከወገዳ የሚነሣና ሌላው ዓለም ፈልጎ የሚመጣበት የመረጃ ምንጭ እንዲኖር ብንመኝ፣ ለዚህ ገንዘብና መስመር ብቻ አይበቃም። ምንጩ በደረቀ ጊዜ መልሶ የሚያፈልቀው ሰው በአቅራቢያው መኖር አለበት። ያ ሰው ደግሞ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ የሚጠበቅ ከሆነ፣ ቋሚው አድራሻ በወረቀት ላይ ብቻ ቋሚ ይሆናል።

አድራሻዎቹ ራሳቸውም ብርቅ ናቸው። አራተኛው የአይ ፒ ስሪት የሚባለው አድራሻ ርዝመቱ 32 ቢት ነው። እያንዳንዱ ቢት 0 ወይም 1 ብቻ ስለሚሆን ሊገኝ የሚችለው የአድራሻ ብዛት 4,294,967,296 ነው፤ ይህም ከዓለም ሕዝብ ቁጥር ያንሳል። የዓለሙ ማዕከላዊ ክምችት የመጨረሻዎቹ ክፍሎች ለአምስቱ አህጉራዊ መዝጋቢዎች ተሰጥተው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2011 ተሟጧል። የአፍሪካን ድርሻ የሚያከፋፍለው አፍሪኒክ የተባለው ድርጅት መቀመጫው በሞሪሸስ ነው። 128 ቢት ርዝመት ያለው ስድስተኛው ስሪት ለዚህ እጥረት መፍትሔ እንዲሆን የተዘጋጀ ቢሆንም አሮጌው ስሪት ዛሬም አብሮት ይሠራል።

በዚህ እጥረት የተነሣ በቤት ውስጥ ያሉት ኮምፒዩተሮችና ስልኮች የሚይዙት አድራሻ የውስጥ አድራሻ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በ192.168 ወይም በ10 ይጀምራል። እነዚህ ቁጥሮች በሺህ የሚቆጠሩ ቤቶች ውስጥ ተደጋግመው ስለሚገኙ ከቤት ውጭ ዋጋ የላቸውም። በውስጥና በውጭ መካከል ቆሞ አንዱን ወደ ሌላው የሚተረጉመው ራውተሩ ነው። ጸሐፊው ቶማስ ፓከናም እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው መጽሐፉ ስለ ቤተ ልሔም ሲተርክ፣ ቤተ ክርስቲያኗ ከውጭ ለሚያያት ክብ የሣር ክዳን ያላት፣ በውስጧ ግን ባለ አራት ማዕዘን ጥንታዊ የድንጋይ ሕንፃ የያዘች መሆኗን ገልጿል። የቤት ራውተርም እንዲሁ ሁለት ገጽ አለው። የውጩን ገጽ ብቻ ያየ የውስጡን አያውቅም፤ የውስጡን ብቻ ያየም የውጩን አያውቅም። ብልሽት ፈላጊ ከሁሉ አስቀድሞ ማወቅ ያለበት ችግሩ ከየትኛው ገጽ ወገን እንደሆነ ነው።

አራቱ ቁጥሮች

ቋሚ አድራሻ ያለው መስመር የሚቆመው በአራት ቁጥሮች ላይ ነው። የመጀመሪያው ራሱ አድራሻው ነው። ሁለተኛው ሰብኔት ማስክ ይባላል፤ ራውተሩ ከአድራሻዎች መካከል ጎረቤቱ የትኛው፣ ሩቅ አገር የትኛው እንደሆነ የሚለይበት መስፈሪያ ነው። ሦስተኛው ጌትዌይ፣ ማለትም ወደ ሩቅ የሚሄደው መልእክት ሁሉ የሚያልፍበት መውጫ በር ነው። አራተኛው ዲ ኤን ኤስ ነው፤ የድረ ገጽን ስም ወደ ቁጥር የሚመልሰው የስም መዝገብ የሚገኝበትን ቦታ ያሳያል።

ተለዋዋጭ አድራሻ ባለው ቤት እነዚህን ቁጥሮች ራውተሩ ከአገልግሎት ሰጪው በራሱ ጠይቆ ያገኛቸዋል። ቋሚ አድራሻ ባለው ቤት ግን ብዙውን ጊዜ ሰው በእጁ ያስገባቸዋል። በመርፌ የሚወጋው ቀዳዳ አደጋ የሚመጣው ከዚህ ነው። ያ ቀዳዳ ራውተሩን ከፋብሪካ እንደወጣ ያደርገዋል። ተለዋዋጭ አድራሻ ያለው ቤት ከዚህ በኋላ ቁጥሮቹን መልሶ ሊያገኝ ይችላል፤ ቋሚ አድራሻ ያለው ቤት ግን አራቱንም ያጣል። ጎረቤትን ያዳነ መድኃኒት እዚህ ቤት መርዝ ይሆናል ማለት ነው። ስለሆነም የመጀመሪያው ሕግ «ቁጥሮቹን በወረቀት ሳትጽፍ መርፌ አታንሣ» የሚል መሆን አለበት።

መንገዱን መከፋፈል

ብልሽት ፍለጋ ማለት መንገዱን ከፋፍሎ እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው መጠየቅ ነው። ለዚህ የሚያገለግለው ዋና መሣሪያ ፒንግ የሚባለው አጭር ትእዛዝ ነው። ይህን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1983 የጻፈው አሜሪካዊው ማይክ ሙስ ሐሳቡን የወሰደው ባሕር ሰርጓጅ መርከብ ድምፅ ልኮ የገደል ማሚቶውን ከሚያዳምጥበት ዘዴ ነው። ፒንግም ትንሽ መልእክት ይልክና መልሱን ይጠብቃል። መልሱ ከመጣ እስከዚያ ቦታ ያለው መንገድ ደርሶ መልስ ክፍት ነው።

አንደኛው ክፍል ብርሃንና ሽቦ ነው። መስመሩ የፋይበር ከሆነ በቤት ውስጥ ባለው መቀበያ ሣጥን ላይ ሎስ የሚል ጽሑፍ ያለበት ቀይ መብራት ከበራ ብርሃኑ አልደረሰም፤ ቁጥር መነካካት ፋይዳ የለውም። በተለመደው የቤት ፋይበር ሥርዓት ወደ ቤት የሚመጣው ብርሃን 1,490 ናኖ ሜትር፣ ከቤት የሚወጣው ደግሞ 1,310 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት አላቸው፤ ሁለቱም ለዓይን አይታዩም። መቀበያው ሊያነበው የሚችለው ዝቅተኛ ኃይል ብዙ ጊዜ 27 ዲ ቢ ኤም ከዜሮ በታች አካባቢ ሲሆን ይህ ወደ 2 ማይክሮ ዋት ይጠጋል። ገመዱ በጥብቅ ከታጠፈ ብርሃኑ የውስጥ ነጸብራቅ ሕጉን ጥሶ ያመልጣል። በትምህርት ቤት ስለ ብርሃን መታጠፍ የተማራችሁት ሁሉ፣ በር ላይ ተቆልምሞ በሚስማር በተመታ ገመድ ውስጥ ይፈጸማል። የፋይበሩን ጫፍ ግን በዓይን ማየት ፈጽሞ አይገባም፤ የማይታይ ብርሃንም ዓይንን ሊጎዳ ይችላልና።

ሁለተኛው ክፍል ከኮምፒዩተር እስከ ራውተር ነው። የራውተሩን የውስጥ አድራሻ፣ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1ን፣ ፒንግ ማድረግ ይበቃል። ኮምፒዩተሩ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ይዞ ከተገኘ ከራውተሩ አድራሻ ሳያገኝ ቀርቶ ለራሱ ስም አውጥቷል ማለት ነው። እንግዲያው ችግሩ ቤት ውስጥ ነው፤ የውጩን አራት ቁጥሮች መንካት ሌላ ብልሽት መጨመር ይሆናል።

ሦስተኛው ክፍል ከራውተሩ እስከ መውጫ በሩ ነው። ብዙ ራውተሮች በገጻቸው ላይ ፒንግ ማድረጊያ ቦታ አላቸው። አራተኛው ክፍል ከበሩ ባሻገር ያለው ዓለም ነው፤ ለዚህ 8.8.8.8ን የመሰለ የታወቀ ቁጥር ይጠየቃል። አምስተኛው ክፍል ስም ነው። ቁጥሩ መልስ ሰጥቶ ስሙ ካልሰጠ መንገዱ ደኅና ነው፤ የታመመው የስም መዝገቡ ነው። ብዙ ሰው «ኢንተርኔት የለም» የሚለው አንዳንድ ጊዜ ይህ አራተኛ ቁጥር ብቻ ሲሳሳት ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነጥቦችን እናክል። አንደኛ፣ ፍለጋው የግድ ከጫፍ መጀመር የለበትም። ከመካከል ቢጀመር እያንዳንዱ ጥያቄ የተጠርጣሪውን ቁጥር በግማሽ ይቀንሳል። ስምንት ክፍል ያለው መንገድ ላይ አንድ ብልሽት ቢኖር ሦስት ጥያቄዎች ይበቃሉ። ሁለተኛ፣ የፒንግ ዝምታ ሁልጊዜ ሞት አይደለም። ለጥንቃቄ ሲባል ለፒንግ መልስ እንዳይሰጡ የተደረጉ መሣሪያዎች አሉ። በዚህ ጊዜ ራውተሩ የበሩን ማክ አድራሻ ማለትም የመሣሪያውን የፋብሪካ መለያ መዝግቦ እንደሆነ ማየት ይቻላል። መዝግቦ ከተገኘ በሩ ከመሰማት አልፎ መልስ ሰጥቷል፤ እስከዚያ ያለው መስመርም ሕያው ነው። «መልስ አላገኘሁም» እና «የለም» የተለያዩ ዐረፍተ ነገሮች መሆናቸውን መገንዘብ ለማንኛውም ተመራማሪ የመጀመሪያ ትምህርት ነው።

ፒንግ መድረሱን ብቻ ሳይሆን ጊዜውንም ይናገራል። በፋይበር ውስጥ ብርሃን በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። 700 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ገመድ ደርሶ መልሱ ወደ 7 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል። ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ባለች ሳተላይት በኩል የሚሄድ መልእክት ግን ለደርሶ መልሱ ያንን ርቀት ቢያንስ አራት ጊዜ ይጓዛል፤ በብርሃን ፍጥነትም እንኳ ወደ 480 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ብዙ ወረዳዎችን በሳተላይት ያገናኘው ወረዳኔት ሲሠራ በንግግር መካከል ይሰማ የነበረውን መዘግየት ምንም ዓይነት ማሽን ሊያስወግደው አይችልም ነበር፤ ሕጉ የተፈጥሮ ነውና። ተማሪ በሰዓት ለክቶ መስመሩ በምድር ወይስ በሰማይ እንደሚያልፍ ሲለይ፣ ፊዚክስ ከጥቁር ሰሌዳ ወርዶ ወደ ቤቱ ገባ ማለት ነው።

አንዲት ቢት

ደብረ ታቦር ውስጥ በምናውቀው አንድ ቤት የሚኖሩ መምህር ለተማሪዎቻቸው ጽሑፎችን የሚያስቀምጡበት አነስተኛ ኮምፒዩተርና ቋሚ አድራሻ ነበራቸው። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኢንተርኔቱ አብሮ አልተመለሰም። ራውተሩ በመርፌ ተወጋ፤ ቁጥሮቹ ጠፉ፤ በስልክ ተጠይቀው እንደገና ገቡ። መስመሩ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ዝም አለ። ተማሪዎቹ ለፈተና የሚዘጋጁበት ወቅት ነበር። መብራቶቹ ሁሉ አረንጓዴ ነበሩ፤ ኮምፒዩተሩም ራውተሩን ያገኘዋል። ዝም ያለው መውጫ በሩ ብቻ ነበር።

የቤቱን ቁጥሮች ለምሳሌነት በተለዩ አድራሻዎች ተክተን እንየው። አድራሻው 203.0.113.10፣ በሩ 203.0.113.14፣ ሰብኔት ማስኩ 255.255.255.248 ነው እንበል። የገባው ግን 255.255.255.252 ነበር። በሁለትዮሽ አጻጻፍ 248 ማለት 11111000፣ 252 ደግሞ 11111100 ነው፤ ልዩነታቸው አንዲት ቢት ናት። ራውተሩ ጎረቤቱን የሚለየው ማስኩ 1 ባለበት ቦታ ሁሉ የሁለቱን አድራሻዎች ቢት በማነጻጸር ነው። 10 በሁለትዮሽ 00001010፣ 14 ደግሞ 00001110 ነው። በትክክለኛው ማስክ የሁለቱም የመጀመሪያ አምስት ቢቶች 00001 ስለሆኑ ጎረቤታሞች ናቸው። በተሳሳተው ማስክ ግን ስድስት ቢቶች ይነጻጸራሉ፤ አንዱ 000010፣ ሌላው 000011 ይሆናል። ስለዚህ በሩ ለራውተሩ እንግዳ ሆነበት። ወደ እንግዳ ለመድረስ ደግሞ በበሩ ማለፍ አለበት፤ በሩ ግን ያው እንግዳው ራሱ ነው። ቁልፉ ቤት ውስጥ ተረስቶ በሩ ከውጭ እንደተቆለፈ ያህል ነው።

አንዳንድ ራውተር እንዲህ ያለውን ስሕተት ገና ቁጥሩ ሲገባ አይቀበልም፤ ሌላው በዝምታ ይቀበላል። ተቃራኒው ስሕተት ደግሞ የበለጠ ያታልላል። ማስኩ 255.255.255.0 ተብሎ ቢገባ ራውተሩ በ203.0.113 የሚጀምሩትን 256 አድራሻዎች ሁሉ ጎረቤት አድርጎ ይቆጥራል። መላው ዓለም ይከፈትለታል፤ ከስምንቱ እውነተኛ ጎረቤቶች ውጭ በዚያው ቁጥር የሚጀምሩት ሌሎች ደንበኞች ብቻ አይገኙም። «ሁሉም ይሠራል፣ ያ አንዱ መሥሪያ ቤት ብቻ እምቢ አለ» የሚል ስሞታ ሲሰማ ማስኩን ማየት ይጠቅማል።

ሌላም የተለመደ ብልሽት አለ። ራውተር ተቃጥሎ አዲስ ሲተካ አራቱም ቁጥሮች በትክክል ገብተው መስመሩ ላይነሣ ይችላል። አንዳንድ አገልግሎት ሰጪዎች አድራሻውን ከአሮጌው ራውተር ማክ አድራሻ ጋር አስረው ስለሚይዙት ነው። ይህ ከቤት ሆኖ የሚፈታው አዲሱ ራውተር የአሮጌውን መለያ እንዲይዝ በማድረግ፣ አለዚያም መለያው እንዲቀየር ለአገልግሎት ሰጪው በማሳወቅ ነው። በሦስት ሳምንትና በአንድ ቀን መካከል ያለው ልዩነት፣ ደዋዩ «ኔትወርክ የለም» ማለቱ ወይም «መብራቱ ደኅና ነው፤ ከራውተሩ እስከ በሩ ግን መልስ የለም፤ ራውተሩም አዲስ ነው» ማለቱ ሊሆን ይችላል።

ለሚነሡ ተቃውሞዎች

«ይህ የቴክኒሻን ሥራ ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቲዎሪ ይማር» የሚሉ ወገኖች እንዳሉ እናውቃለን። ለእነዚህ ወገኖች መልሳችን ጥያቄ ነው። መላ ምት ማቅረብ፣ መላ ምቱን የሚለይ ሙከራ መንደፍ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ፣ ውጤቱን መጻፍ፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ ማለፍ ሳይንስ ካልሆነ ሳይንስ ምንድን ነው? በቤተ ሙከራዎቻችን ተማሪው አስቀድሞ የሚታወቅ ውጤት ላይ እንዲደርስ ይታዘዛል፤ መሣሪያው እምቢ ካለ ረዳቱ መጥቶ ያስተካክልለታል። ትምህርቱ ሊጀመር ሲል ይቆማል ማለት ይቻላል።

«ሁሉም ነገር በስልክ እየሆነ ቋሚ አድራሻ ማን ይፈልጋል?» የሚሉም አሉ። እርግጥ ነው፣ ለሁሉም ቤት አያስፈልግም፤ ለሁሉም ይሰጥ ማለትም አንችልም። ቋሚ አድራሻ የራሱ አደጋም አለው። ተፈላጊ ለወዳጅ ብቻ ሳይሆን ለሌባም ተፈላጊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው አጥፊ ፕሮግራም ከኢንተርኔት በቀጥታ የሚደረስባቸውን፣ ከፋብሪካ የወጡበት የይለፍ ቃል ያልተለወጠላቸውን ካሜራዎችና ራውተሮች በብዛት ማርኮ ታላላቅ ድረ ገጾችን አስቁሟል። በቋሚ አድራሻ የሚገባ ሰው የይለፍ ቃሉን መለወጥና አስፈላጊ ያልሆነውን በር መዝጋት ግዴታው ነው። ሆኖም አንዳንዱ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና ጉባኤ ቤት ተፈላጊ መሆን ካልቻለ፣ ስለ ራሳችን የሚነገረው ሁሉ ከሌላ ቦታ የሚነገር ሆኖ ይቀራል።

ሦስተኛው አስተያየት «ችግሩ ብዙ ጊዜ ከእኛ እጅ ውጭ ነው» የሚል ነው። እውነት አለው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ በቆየበት ወቅት፣ ሰው በስልኩ ላይ የሚለዋውጠው ቅንብር ሁሉ ምንም ሊፈይድለት አይችልም ነበር። ነገር ግን ችግሩ ከእጅ ውጭ መሆኑን በማስረጃ ማወቅም ዕውቀት ነው። ደኅና የነበረውን ከማበላሸት ያድናል፤ ጥያቄውም ለሚመለከተው አካል በትክክል እንዲቀርብ ያደርጋል።

ምስክር ይኑረው

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን።

አንደኛ፣ ቋሚ አድራሻ ባለበት ቤትና ተቋም ሁሉ አራቱ ቁጥሮች፣ የራውተሩ ማክ አድራሻና የመጨረሻው ለውጥ የተደረገበት ቀን በወረቀት ተጽፈው ከራውተሩ አጠገብ ይቀመጡ። የይለፍ ቃሉ ግን ከዚያ ወረቀት ላይ አይጻፍ። ዋጋው አንድ ገጽ ወረቀት ነው።

ሁለተኛ፣ በፊዚክስና በኮምፒዩተር ትምህርት ክፍሎች ሆን ተብሎ የተበላሸ መረብ በቤተ ሙከራ ይዘጋጅ። ሁለት አሮጌ ራውተሮችና ጥቂት ገመዶች ይበቃሉ። መምህሩ አንዲት ቢት ይለውጥ፤ ተማሪው ይፈልግ። ለእያንዳንዱ ሙከራ «ምን ጠረጠርሁ? ምን ጠየቅሁ? ምን መለሰልኝ? ምን ተረፈኝ?» ብሎ ይመዝግብ። በአጋጣሚ ያስተካከለ ሳይሆን ምክንያቱን ያሳየ ነጥብ ያግኝ።

ሦስተኛ፣ ፈተናው በወረቀት ብቻ አይሁን። እዚህ ላይ ከቤተ ልሔም የምንማረው ነገር አለ። የቅዱስ ያሬድ ድርሰት የሆነው ድጓ በሦስቱ ዜማዎች በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ይባላል። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማ ምልክቶቹን እንዳዘጋጁለት ይነገራል። ይዘት፣ ደረት፣ ሂደት፣ ጭረት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ርክርክና ቁርጥ የሚባሉት ምልክቶች እጅግ ጥቃቅን ናቸው፤ ነገር ግን አንዱ ቦታውን ቢስት ዜማው ሌላ ይሆናል፣ ልክ አንዲት ቢት ማስኩን ሌላ እንደምታደርገው። ስለዚህም ነው ድጓ ያወቀ ሰው «ዐውቄያለሁ» ብሎ መሄድ የማይበቃው። በሚያውቅ መምህር ፊት ቆሞ ማስመስከር አለበት። መምህሩም «ተሳስተሃል» ብቻ ብሎ አያልፍም፤ የተሳሳተው የት ላይ እንደሆነ ያሳየዋል፣ ያቀናዋል። ለዘመናት ድጓን ሳይበረዝ ያቆየው አንዱ ነገር ይህ «የት ላይ?» የሚለው ጥያቄ ነው።

ዘመናዊው ትምህርታችን ከዚህ ልማድ ብዙ ርቋል። ተማሪው መልሱን ያቀርባል፤ መምህሩ ነጥብ ይሰጣል፤ ስሕተቱ የት ላይ እንደነበር ሁለቱም ሳይነጋገሩ ይለያያሉ። በተበላሸ መረብ ፊት ቆሞ፣ መምህሩ እያየው፣ እያንዳንዱን ክፍል በስሙ እየጠራ ብልሽቱን ያገኘ ተማሪ ግን ራውተር ብቻ አይደለም የሚጠግነው። ነገ የሆስፒታል መሣሪያ፣ የውኃ ፓምፕ ወይም የምርምር ስሌት እምቢ ቢለው ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።

ውድ አንባቢያን፣ በሚቀጥለው ጊዜ ቤታችሁ ውስጥ «ኔትወርክ የለም» ሲባል መርፌውን ከማንሣታችሁ በፊት ወረቀትና እርሳስ አንሡ። መብራቱን ተመልከቱ፤ ራውተሩን ጠይቁ፤ በሩን ጠይቁ፤ ከበሩ ባሻገር ያለውን ጠይቁ፤ ስሙን ጠይቁ። መልሱን በቅደም ተከተል ጻፉ። ችግሩን ራሳችሁ ባትፈቱት እንኳ የት ላይ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው በቤታችሁ ይኖራል።